ከሠልስት በኋላ የሚቀረው ልጅ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





 ስለ ሐዘን ለእድር ሰው መናገር ለቀባሪው ማርዳት እንደ ሆነ አላጣሁትም። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ድንኳን ያልተከለ፥ ሬሳ ያልተሸከመ፥ ንፍሮ ያልቀቀለ የለም። ስለዚህ ስለ ቀብር አልናገርም። የምናገረው ድንኳኑ ከተነቀለ፥ አግዳሚው ወደ ዕቃ ቤት ከተመለሰ በኋላ እቤት ውስጥ ስለሚቀረው ወንድ ልጅ ነው። ይህንንም የምናገረው በመጻሕፍት በኩል ነው። ብዙ ዘመን የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ስለ ኖርሁ፥ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ከማንበብና ከእድራችን ጸሐፊነት በቀር ሌላ ሙያ ስለ ሌለኝ ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ አባላችን አረፈ። ልጁ የ14 ዓመት ልጅ፥ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በሠልስቱ ዕለት እኔ እንደ ደንቡ ገንዘቡን ለባለቤቱ አስረክቤ፥ መዝገብ ላይ አስፈርሜ ስወጣ ልጁን በር ላይ አገኘሁት። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ፥ «አይዞህ ጎበዝ! እንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ። እናትህን አደራ!» አልሁት። ከእኔ በፊት የወጡትም፥ ከእኔ በኋላ የወጡትም ይህንኑ ብለውታል። ትልቅ ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ደስ እያለኝ ነበር ወደ ቤቴ የሄድሁት።

ልጁ ግን ቃላችንን የምሩን ወሰደው። መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ታክሲ ላይ ረዳት ሆነ። እኔም ስሰማ፥ «ምን ያድርግ፥ ችግር ነው» ብዬ አለፍሁት። ችግር ብቻ ግን አልነበረም። እናቱ ጉልት ቸርቻሪ ነበረች፤ የባሏም ጡረታ ነበራት፤ እርሱን ማስተማር አያቅታትም ነበር። ለምናው እምቢ አላት። ከዓመታት በኋላ፥ «ምነው ያን ጊዜ ትምህርትህን ተውህ?» ብዬ ብጠይቀው፥ «ጋሼ፥ አባወራ ነህ ብላችሁኝ የለ?» አለኝ። በነገር አልወጋኝም፤ እውነቱን ነው የመለሰልኝ። ይህ ሰው ዛሬ ሙሉ አባላችን ነው፤ ድንኳን ሲተከል ማንም አይቀድመውም። አሁንም በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፥ ስሙን ግን እንዳላነሣ አደራ ብሎኛል።

ታዲያ መጻሕፍቱ የት መጡ ትሉኝ ይሆናል። ውጭ አገር ያለችው ልጄ፥ ልጇ በትምህርት ቤት ያነበባቸውን ልብወለዶች ጠቅልላ ላከችልኝ። «የፈረንጅ ጎረምሳ ታሪክ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብዬ አንድ ጥግ ጣልኋቸው። አንድ ቀን መብራት በጠፋበት ምሽት በሻማ አንዱን ስገልጥ ግን ያን የእኛን ልጅ አገኘሁት። ሌላ ስም፥ ሌላ አገር፤ ልጁ ግን ያው ነው።

እነዚህ መጻሕፍት በውጭ አገር ለብቻቸው የቆመ ዘርፍ ናቸው፤ ለአፍላ ወጣቶች፥ ማለትም ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የሚጻፉ ልብወለዶች ናቸው። ዘርፉን አስፋፉት ከሚባሉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1967 የታተመው «ዚ አውትሳይደርስ» ነው፤ በዳር የቀሩ እንደ ማለት ነው። የጻፈችው ኤስ ኢ ሂንተን የምትባል አሜሪካዊት ስትሆን፥ መጽሐፉን ስትጀምር የ15 ዓመት ተማሪ፥ ሲታተምላት ደግሞ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። አሳታሚዎቹ፥ «ሴት የጻፈችው የወንዶች ታሪክ ነው ብለው እንዳይንቁት» በማለት ሙሉ ስሟን ትተው በፊደል ብቻ አወጡት።

ታሪኩ የሦስት ወንድማማቾች ነው። እናትና አባታቸው በመኪና አደጋ በአንድ ቀን ሞተዋል። ታላቅዬው ዳሪ ገና 20 ዓመቱ ነው። ኮሌጅ መግባቱን ትቶ ጣሪያ እየሠራ ወንድሞቹን ያሳድጋል። ያውም መንግሥት መጥቶ እንዳይለያያቸው እየፈራ። ታናሽዬው ፖኒቦይ 14 ዓመቱ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ሁልጊዜ ስለሚቈጣው የሚጠላው ይመስለዋል። አንድ ሌሊት አምሽቶ ቢገባ በጥፊ መታው፤ ልጁም ከቤት ወጥቶ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው መዓት ሁሉ ከዚያች ሌሊት የተነሣ ነው። በመጨረሻ ሆስፒታል ውስጥ ሲገናኙ ታላቅዬው ያለቅሳል። በወላጆቹ ቀብር ላይ እንኳ እንባ ያላወጣ ልጅ ነው! ፖኒቦይ ያን ጊዜ ነው የገባው። ለካ ቁጣው ፍርሃት ኖሯል፤ እናትና አባቱን እንዳጣ ወንድሙንም እንዳያጣ።

እኔ እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ቈየሁ። ለ14 ዓመት ልጅ «አባወራ ነህ» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ያን ጊዜ ታወቀኝ። ዳሪ በ20 ዓመቱ የከበደውን እኛ በ14 ዓመቱ አሸከምነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ መጽሐፍ አለ። ጄሰን ሬይኖልድስ የሚባል፥ እ.ኤ.አ. በ1983 የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው «ሎንግ ዌይ ዳውን» ነው። ደራሲው ያደገው ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ ነው። ራሱ እንደ ተናገረው 17 ዓመት እስኪሆነው ድረስ አንድም ልብወለድ ከዳር እስከ ዳር አላነበበም ነበር፤ እርሱን የሚመስል ልጅ በመጽሐፍ ውስጥ አጥቶ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ዊል የተባለው የ15 ዓመት ልጅ ታላቅ ወንድሙ በጥይት ይገደልበታል። አባቱ ደግሞ ገና በሕፃንነቱ ሞቷል። ልጁ በሠፈሩ የወረሳቸው ሦስት ሕጎች አሉ፤ አለማልቀስ፥ አለመጠቆም፥ ደም መመለስ። ሽጉጥ ታጥቆ ከስምንተኛ ፎቅ በአሳንሰር ሲወርድ፥ በየፎቁ የሞቱ ዘመዶቹና ጓደኞቹ እየገቡ ያነጋግሩታል። አባቱም ይገባል። አባትዬውም ወንድሙን የገደለበትን ሰው ልበቀል ብሎ የገደለው ሌላ፥ ንጹሕ ሰው እንደ ነበረ ለልጁ ይነግረዋል። መንገዱ በጠቅላላው 60 ሰከንድ ነው። እታች ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ደራሲው አይነግረንም።

ወገኖቼ፥ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የምንለውስ የማን ሕግ ነው? እናቶች ደረት ሲመቱ፥ እኅቱ ስትጮኽ፥ እርሱን ግን «ጎበዝ! ዋጥ አድርገው!» እንለዋለን። እንባውን ዋጥ ያደረገ ልጅ ሌላ ነገር መዋጡ አይቀርም፤ አረቄውንም፥ ቂሙንም።

ሁለተኛው ነገር እውነት መናገር ነው። ዋልተር ዲን ማየርስ የሚባለው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1992 «ሳምዌር ኢን ዘ ዳርክነስ»፥ ማለትም በጨለማው ውስጥ የሆነ ቦታ፥ የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። ጂሚ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ያሳደገችው ማማ ጂን የምትባል፥ የሥጋ ዘመዱ ያልሆነች ደግ ሴት ናት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንድ ከሲታ ሰው የሕንጻው መተላለፊያ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። «አባትህ ነኝ» ይለዋል። ክራብ ይባላል፤ ለብዙ ዓመት እስር ቤት ነበረ። ተፈትቼ መጣሁ ይላል፤ ውሸቱን ነው፤ አምልጦ ነው የመጣው። ኩላሊቱ ታሞ ሊሞት ተቃርቧል። ከመሞቱ በፊት የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በነፍስ ግድያ የተፈረደበት በሐሰት መሆኑን ልጁ እንዲያምነው። ስለዚህ ልጁን ይዞ በቺካጎ በኩል እስከ ትውልድ አገሩ እስከ አርካንሳስ ድረስ ይጓዛል።

ክራብ ጥሩ አባት አይደለም። መንገድ ላይ ይዋሻል፥ ያጭበረብራል። አባትነትን በየት ይማረው? መጨረሻው ያዙት፤ ሆስፒታል ውስጥም ሞተ። ጂሚም ወደ ማማ ጂን ተመለሰ። ነገር ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም። አባቱን፥ ጉድለቱንም ጨምሮ፥ ዐወቀው። አንድ ቀን እርሱም ልጅ ቢወልድ ምን ሊሰጠው እንደሚገባ ማሰብ ጀመረ። ልጅ መልአክ የሆነ አባት አይጠይቅም፤ እውነተኛ አባት ነው የሚጠይቀው።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? አባቱ ለታሰረበት ልጅ «ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል» እንላለን። ጥሎ ለሄደው «ይመጣል» እንላለን። ጠጥቶ ለሞተው ደግሞ ጭራሽ ስሙን አናነሣም። ልጁ እውነቱን ከመንገድ ላይ፥ ከሌላ ልጅ አፍ፥ በስድብ መልክ ይሰማዋል።

ስድብ ካልሁ አይቀር፥ «ሴት ያሳደገው» የምትባለዋን ቃል እዚሁ እንቅበራት። የእድር ሰዎች ነን፤ መቅበር እናውቅበታለን። ጂሚን ያሳደገችው ሴት ናት፤ ደኅና አድርጋም አሳድጋዋለች። ደራሲው ማየርስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1937 ተወልዶ፥ እናቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተች፥ ሃርለም ውስጥ ዲን የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው ያሳደጉት። በስሙ መካከል ያለው «ዲን» ለእነርሱ መታሰቢያ ያደረገው ነው። አሳዳጊ አባቱ ማንበብ አይችልም ነበር። ልጁ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 እስኪሞት ድረስ ከ100 በላይ መጻሕፍት ጻፈ። ለአንድ ልጅ አባት ለመሆን መወለድም መማርም ግዴታ አለመሆኑን ከዚህ ወዲያ የሚያስረዳ ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ለእኛ ለእድርተኞች ከሁሉም የቀረበ ነው። ቅድም የጠቀስሁት ጄሰን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው፥ በእኛ ቋንቋ «ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰው ልጅ» የምንለው መጽሐፍ ነው። ማት የ17 ዓመት ልጅ ነው፤ የሚኖረው ብሩክሊን ነው። እናቱ በካንሰር ሞታለች። አባቱ በሕይወት አለ፤ ግን ሐዘኑን በመጠጥ ይዞታል። እንግዲህ አስተውሉ፤ አባት የሚጠፋው በመሞትና በመሄድ ብቻ አይደለም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሌለ አባት አለ።

በዚያ አገር ቀብሩን በአብዛኛው የሚያስፈጽመው ለዚሁ የተቋቋመ የንግድ ድርጅት ነው። የሠፈሩ ቀብር አስፈጻሚ ሚስተር ሬይ ልጁን አይቶ ሥራ ሰጠው። ወንበር ያስተካክላል፥ ዕቃ ያመላልሳል። ሥራው ሲያልቅ ልጁ በየቀብሩ ሥነ ሥርዓት ኋላ ተቀምጦ አንድ ነገር ይመለከታል፤ ከሁሉ ይበልጥ ያዘነው ሰው የትኛው እንደ ሆነና እንዴት እንደሚችለው። እኔ ብቻ አይደለሁም ለማለት ነው። ሚስተር ሬይ ስብከት አያበዛበትም። ደመወዙን ይከፍለዋል፥ አብሮት ይቀመጣል፥ በራሱ ላይ የደረሰውን መከራ ሳይደብቅ ይነግረዋል። ይኸው ነው።

እኔ ይህን ሳነብ አፈርሁ። ሚስተር ሬይ ነጋዴ ነው፤ እኛ ማኅበር ነን። ወንበሩ አለን፥ ድንኳኑ አለን፥ ሽማግሌው አለን። ያንን ልጅ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠርተን፥ «ና ወንበር እንደርድር» አላልነውም።

የመጨረሻው መጽሐፍ የእኛው የቤታችን ነው። ቤንጃሚን ዘፋንያ የተባለው የእንግሊዝ ባለቅኔ እ.ኤ.አ. በ2001 «ሬፊዩጂ ቦይ»፥ ማለትም ስደተኛው ልጅ፥ የተባለ ልብወለድ አሳተመ። ዘፋንያ ከትምህርት ቤት በ13 ዓመቱ የወጣ፥ ፊደል መለየት የሚቸግረው ሰው ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ዐረፈ። የመጽሐፉ ልጅ ዓለም ኬሎ ይባላል፤ 14 ዓመቱ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ፥ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ዘመኑ ሁለቱ አገሮች በ1990 ዓ.ም. ጦርነት የገጠሙበት ዘመን ነው። በዚህም በዚያም ወታደሮች ቤታቸውን ሰብረው ይገባሉ፤ በዚህ በኩል የእናቱ ዘር፥ በዚያ በኩል የአባቱ ዘር ጥፋት ሆኖ ይቈጠራል። አባትዬው ልጁን ለሽርሽር ብሎ እንግሊዝ አገር ይወስደዋል፤ አብረው ያድራሉ፤ ጧት ልጁ ሲነሣ አባቱ የለም። ደብዳቤ ብቻ ነው ያለው። ልጁ እንዲተርፍ ጥሎት ሄዷል።

ከዚያ በኋላ እናቱ ትገደላለች። አባቱ ወደ ለንደን ተመልሶ ከልጁ ጋር ይገናኛል፤ ጥገኝነት ጠይቀው ይከለከላሉ፤ በመጨረሻም አባትዬው እዚያው ለንደን ውስጥ በጥይት ይገደላል። ልጁን የያዙት አሳዳጊዎቹ፥ የትምህርት ቤት ጓደኞቹና ጎረቤቶቹ ናቸው። ያው የኛው እድር በሉት። ይህን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2013 ለመድረክ ያዘጋጀው ለምን ሲሳይ ነው። እርሱም ኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ አገር የወለደችው፥ በአሳዳጊ ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ በሌላ ስም ያደገ፥ ካደገ በኋላ ነው እውነተኛ ስሙን ያገኘው። እስቲ አስቡት፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ራሱ «ለምን» የሚል ጥያቄ ነው።

በእኛም ሠፈር አባቱ ዐረብ አገር ወይም ደቡብ አፍሪካ የሄደበት ልጅ ብዙ ነው። ገንዘብ ይልክ ይሆናል። ልጁ ግን በየሌሊቱ «ለምን ሄደ?» ሳይል አይተኛም። ከፍቅርም የተነሣ የሚሄድ አባት እንዳለ የሚነግረው ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል።

ክቡራን አባላት፤ «እድር የቀብር ማኅበር እንጂ የመጻሕፍት ቤት አይደለም» የሚለኝ እንዳለ ዐውቃለሁ። ልክ ነው። አባት የሌለው ልጅ ሁሉ ይበላሻል ማለቴም አይደለም፤ ከመካከላችን በእናት ብቻ ያደጉ የተከበሩ ሰዎች አሉ። ነገር ግን የእድራችንን መዝገብ አገላብጬ አየሁት። የሟች ስም አለ፥ የተረካቢ ስም አለ፥ የገንዘቡ ልክ አለ። የልጁ ስም የለም። የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ማንንም አልወቅስም። ልኩን ግን እናብጅለት። የማቀርባቸው አሳቦች አራት ናቸው።

አንደኛ፤ ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ልጅ «አባወራ ነህ» አንበል። «ትምህርትህ ስንተኛ ክፍል ደረሰ? ማን ያስጠናሃል?» እንበለው። ሊያለቅስ ከፈለገም ያልቅስ።

ሁለተኛ፤ መዝገባችን ላይ ሟች የተዋቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ስምና ክፍል ይጻፍ። ከጎረቤት ሁለት ሰው ይመደብ፤ በአርባው፥ በሰማንያው፥ በሙት ዓመቱ፥ በተለይም መስከረም ሲጠባ ደጃፉን ይርገጡ። ይህ ከካዝናችን አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

ሦስተኛ፤ ጎረምሶቹን ድንኳን ስንተክል፥ ወንበር ስንደረድር ከእኛ ጋር እናሠልፋቸው። ለጉልበታቸው ብለን አይደለም፤ ከትልልቅ ሰዎች አጠገብ እንዲቆሙ ነው።

አራተኛ፤ በዕቃ ቤታችን አንድ መደርደሪያ ይሠራ። እነዚህ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ስለ ሆኑ ሁሉም ልጅ አያነባቸውም። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣሁ ታሪካቸውን በአማርኛ ልነግራቸው፥ የሚችሉትንም ላስነብባቸው ቃል እገባለሁ። ዐይኔ እስካየ ድረስ አላቋርጥም።

ባለፈው ሳምንት ለዚያ ለቀድሞው ልጅ የሂንተንን መጽሐፍ ታሪክ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቈየና፥ «ጋሼ፥ ታላቅዬው ልጅ ኋላ ኮሌጁ ገባ?» አለኝ። መጽሐፉ አይናገርም አልሁት። «ቢናገር ደግ ነበር» ብሎ ተነሣ። ማታውኑ የማታ ትምህርት ምዝገባ መቼ እንደሚጀመር ሊጠይቀኝ ደወለ።

አባቶቻችን «አባት ሳለ አጊጥ፥ ጀምበር ሳለ ሩጥ» ብለዋል። አባቱ የሌለበት ልጅ ማጌጡ ቢቀርበት እንኳ፥ ጀምበሯ እንዳትጠልቅበት አብረነው የምንሮጥ እኛ ነን።

የሞቱትን ነፍስ ይማር። የቀሩትን ለማሳደግ ያብቃን።